የፑል ሊጉን አዘጋጅ በአደባባይ ተችተህ ከተጣላችሁ፦ ከድሬ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ቅዳሜ ማታ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ፑል ቤት። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ይዞራል እንጂ ሙቀቱን የትም አይወስደውም። ውጤቱ አራት ለአራት ነው፣ ቀድሞ አምስት የሞላ ያልፋል። ተጋጣሚዬ ስድስት ቁጥርን መምታት አለበት። የኔ አሥራ ሦስት ቁጥር ደግሞ ከስድስቷ የጣት ስፋት ያህል ብቻ ርቃ ቆማለች። መታ። አንድ «ጠቅ» ብቻ ሰማሁ። ሁለቱም ኳሶች እኩል ተነሱ። ነጯ ኳስ ቀድማ መንካት ያለባት የእሱን ስድስት ነበር። «ፋውል!» ብዬ ጮህኩ። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ ንጹሕ ነው።» ስድስቷ ገባች። ቀጥሎ መጨረሻ ላይ የምትገባውን ጥቁሯን ኳስ ከተተና ጨረሰኝ።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቤቴ ሆኜ በሊጉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዳኛው ተገዝቷል። ሊጉም የአንድ ሰው ኪስ ማደለቢያ ነው።» ጠዋት ስነሳ ግሩፑ ከስልኬ ጠፍቷል፣ አስወጥተውኛል። ከሰዓት በኋላ በሰው በኩል መልእክት ደረሰኝ፦ ውድድሩ እስኪያልቅ ታግደሃል።

ነገሩ በርዶ ወደ ጠረጴዛው እስክመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዓመቱ ደግሞ ተመርጬ ኮሚቴ ገባሁ። ያኔ ተራው የሌላ ሰው ሆነና ስለ እኔ ጻፈ። በሁለቱም ወንበር ስለተቀመጥኩ ይህን መመሪያ ለሁለቱም ወገን እጽፈዋለሁ። በድሬ ደንብ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። እዚህ ከተማ «እርስዎ» የሚልህ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሊጣላህ የመጣ ነው።

አንድ፦ በዚያው ማታ አትለጥፍ

መጻፍ ትችላለህ። እጅህን ሊይዝህ የሚችል የለም። ግን ግሩፑ ላይ ሳይሆን ቴሌግራም ውስጥ ለራስህ የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ ጻፈው። እንቅልፍ ተኛበት። ጠዋት ፉልህን በልተህ፣ ሻይህን ጠጥተህ እንደገና አንብበው። እኔ ያን ማታ የጻፍኳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ከሁለቷ ጠዋት ላይ የምደግማት አንዲት ቃል አልነበረችም። ደግሞ መልእክቱን ብታጠፋውም አይጠፋም፤ ስክሪንሾቱ ከአንተ ቀድሞ ሳቢያን ሰፈር ደርሷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የነበረው ስልክ ሳይመጣ ነው።

ሁለት፦ የተናደድክበትን ለይ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሊግ ውስጥ የሚነሳ ቅሬታ ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ወይ የዳኝነት ውሳኔ ነው፣ ወይ አሠራርና ገንዘብ ነው፣ ወይ የሰው ጠባይ ነው። በብስጭት የተጻፈ ጽሑፍ ሦስቱንም አንድ ድስት ውስጥ ይጨምራቸዋል። የኔ እንዲያ ነበር። የተናደድኩት በአንዲት ምት ሆኖ ሳለ ገንዘቡንም፣ ሰውየውንም ጨመርኩበት።

የዳኝነት ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ ደንቡን አንብብ። ስል ከልቤ ነው። እኔ ያነበብኩት ከታገድኩ በኋላ ነው። በዓለም አቀፉ የፑል ደንብ መሠረት ነጯ መምታት የሚገባትንና የማይገባትን ኳስ በአንድ ጊዜ ያህል ከነካች፣ የትኛዋን ቀድማ እንደነካች መለየት ካልተቻለ፣ ትክክለኛዋ ቀድማ እንደተመታች ተቆጥሮ ለመቺው ይፈረድለታል። ስለዚህ ያ ዳኛ ትክክል ነበር። «ተገዝቷል» ያልኩት ሰውዬ ከእኔ በተሻለ ደንቡን ያውቅ ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ ያም ሆኖ አፈርኩ።

ሁለት ዓይነት የዳኝነት ስህተት እንዳለም እወቅ። አንደኛው የዓይን ነው፦ ነካ፣ አልነካም። ይህን በማግሥቱ ማንም አይቀለብሰውም፣ መቀልበስም የለበትም። ሁለተኛው የደንብ ነው፦ ለምሳሌ ተጋጣሚህ ሲመታ ነጯ ቀዳዳ ገብታ ሳለ ዳኛው ተጋጣሚህን «የራስህ ጨዋታ ነው፣ ቀጥል» ቢለው። እንዲህ ያለው ስህተት በወረቀት ሊታይና ሊታረም ይችላል። ቅሬታህን የምታውለው በሁለተኛው ላይ ይሁን።

ገንዘብ ከሆነ ጥያቄህ ሒሳብ ይምሰል። ሃያ ተጫዋች በነፍስ ወከፍ 300 ብር ቢከፍል 6,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የጠረጴዛ ኪራይ ስንት ወጣ፣ ዋንጫው ስንት ፈጀ፣ ለዳኞች ስንት ተከፈለ? «የት ገባ?» እና «በላው» መካከል የድሬና የአዲስ አበባን ያህል መንገድ አለ።

የደረጃ ጉዳይም እዚህ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ትልቁ የአማተር ፑል ሊግ በስምንት ቁጥር ጨዋታ (ኤይት ቦል) ተጫዋቾችን ከ2 እስከ 7 ደረጃ ይሰጣቸዋል። በአንድ ግጥሚያ የሚሰለፉ አምስት ተጫዋቾች ደረጃ ድምር ከ23 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሐሳቡ ደካማውም ዕድል እንዲያገኝ ነው። ግን አብሮት አንድ በሽታ ይመጣል፦ ደረጃውን ለማውረድ ሆን ብሎ የሚሸነፍ ተጫዋች። እኛ ሰፈርም ሊጉ ደረጃ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሐሜት አልጠፋም። «እገሌ አውቆ ነው የሳተው» ማለት ቀላል ነው። ለማሳየት ግን የብዙ ሳምንት የውጤት ወረቀት ይዘህ መምጣት አለብህ። አንድ የሳተ ጥቁር ኳስ ማስረጃ አይሆንም። ሁላችንም ጥቁሯን ስተናል፣ ያውም ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማ።

ሦስት፦ ማስረጃህን ሰው ሳይበተን ያዝ

የውጤት ወረቀቱን ፎቶ አንሳ። የተፈረመ ከሆነ ፊርማው ይታይ። ምስክር የሚሆንህ ሰው ከቡድንህ ውጭ ይሁን፤ የራስህ ቡድን ምስክርነት እናት ለልጇ የምትሰጠው ዓይነት ነው። ክፍያ የከፈልክበትን ደረሰኝ ወይም የባንክ መልእክት አትጣል።

ስለ ቪዲዮ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔም ተሸውጄበታለሁ። ጓደኛዬ ያቺን ምት ቀርጿት ነበር። «አበቃላቸው» ብዬ ከፈትኩት። ተራ የስልክ ካሜራ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ምስል ነው የሚያነሳው። ነጯ በሰከንድ ሦስት ሜትር ብትሄድ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ትጓዛለች። የፑል ኳስ ስፋቱ ደግሞ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ምስል ላይ ነጯ ገና አልደረሰችም፣ ቀጣዩ ላይ ሁሉም ተበትኗል። ወሳኟ ቅጽበት በመሃል ወድቃ ቀረች። ስልክህ ስሎው ሞሽን ካለው ለከባድ ምት እሱን ክፈት። ከሌለው ደግሞ ከምቱ በኋላ ኳሶቹ ወደየት እንደሄዱ እይ፤ ከንክኪው ይልቅ አቅጣጫው ይናገራል።

አራት፦ መጀመሪያ ለብቻው ንገረው

ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። የሊጉን አዘጋጅ ነገ ቀፊራ ገበያ ታገኘዋለህ፣ ከነገ ወዲያ የአፎሻ (የእድር) ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ በአካል ሄደህ ንገረው። ግን ሰዓት ምረጥ። ጨዋታ እየተካሄደ አይሆንም፤ ሰው ፊት ስትናገረው ሰው ፊት ይመልስልሃል። በርጫ ላይም አይሆንም። ምርቃና ላይ ሁሉም ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ «አቦ፣ እዳው ገብስ ነው፣ አስተካክለዋለሁ» ይልሃል። ማታ ላይ የተባባላችሁትን አንዳችሁም አታስታውሱትም። እኔ የምመርጠው ጠዋት ነው፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ሻይ ቤት።

በአካል የነገርከውን በዚያው ቀን በጽሑፍ ላክለት። ረጅም አይሁን። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሰላም ወንድሜ። ጠዋት የተነጋገርነውን ላስታውስህ ብዬ ነው። የቅዳሜው ግጥሚያ ዘጠነኛ ጨዋታ ላይ በተሰጠው ውሳኔ ቅሬታ አለኝ። ኮሚቴው ደንቡን አይቶ እስከ ሐሙስ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ውጤቱ ባይቀየርም ለሚቀጥለው ደንቡ በግልጽ እንዲነገረን እፈልጋለሁ።»

ሰውየው በዕድሜ ከፍ ያለ ከሆነ «ጋሼ» ብለህ ጀምርና አንቱታውን አትርሳ። እንዲህ ያለ ትሕትና የእውነትህን ዋጋ አያሳንሰውም። ቀን መቁረጥህ ግን አስፈላጊ ነው። «እስኪ እናያለን» የሚባለው መልስ ለዘላለም ሊታይ ይችላል።

አምስት፦ ሐሙስ መልስ ካልመጣ

አሁን በአደባባይ ልትጽፍ ትችላለህ። መብትህም ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብህን የመግለጽ ነፃነት ይሰጥሃል። ያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊወጣ እንደሚችልም ይናገራል። ስለዚህ ያየኸውን ጻፍ እንጂ የሰውየውን ልብ ውስጥ ገብተህ አትጻፍ።

የኔን ሁለት ዓረፍተ ነገር ዛሬ ብጽፋት እንዲህ ትሆን ነበር፦ «ቅዳሜ ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ ስድስትና አሥራ ሦስት ቁጥር እኩል ተመተዋል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ሲሆን ደንባችን ምን ይላል? እሑድ ጠየቅሁ፣ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። የመዝገቢያውም ሒሳብ ቢለጠፍልን ደስ ይለኛል።» አየህ፣ ምንም አልለዘበም። እንዲያውም ይከብዳል፤ አዘጋጁ «ተሰደብኩ» ብሎ የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም።

ሕጉን ጠቅለል አድርጌ ልንገርህ፤ ሰው እዚህ ላይ በሁለቱም በኩል ያጋንናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 መሠረት በንግግር ወይም በጽሑፍ አንድን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲዋረድ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ማድረግ፣ በዚህም ስሙን አደጋ ላይ መጣል ተጠያቂ ያደርጋል። የተናገርከው እውነት ከሆነ ግን ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ብለህ ካልተናገርከው በቀር መከላከያ አለህ። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 613 ላይ ስም ማጥፋትን ያስቀምጣል፤ ጉዳዩ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። «ሌባ»፣ «ተገዝቷል»፣ «ጉቦ በላ» የሚሉት ቃላት አደገኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው። አንድ የተለየ ድርጊት ስለሚከሱ አስረዳ ትባላለህ። «ውሳኔው አላሳመነኝም» ብትል ግን ማንም አስረዳ አይልህም።

አንድ መስመር ደግሞ ጨርሶ አትለፍ። የሰውን ብሔር ወይም ሃይማኖት ከፑል ጋር አታገናኝ። ድሬ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆምባት ከተማ ናት። አንድ የፋውል ክርክር ወደዚያ ሲዞር አይቻለሁ፣ ነገሩ ከፑል ቤቱ በር ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው እንዲህ ያለውን ነው። ከአዋጁም በፊት ነውር ነው።

የግል ንግግራችሁን ስክሪንሾት መለጠፍስ? እኔ አልመክርም። አንዴ ከለጠፍክ ከዚያ በኋላ ማንም በግል አያናግርህም።

ስድስት፦ አዘጋጁ አንተ ከሆንክ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ያየኋቸው ጠቦች አብዛኞቹ የከረሩት በተቺው ቃል ሳይሆን አዘጋጁ በሰጠው መልስ ነው።

ተጫዋቹን ከግሩፕ አታስወጣው። ስታስወጣው ዝም አላሰኘኸውም፣ ቦታ አስቀየርከው። እኔን ሲያስወጡኝ ሦስት ሌሎች ግሩፖች ውስጥ ገብቼ ጻፍኩ፤ በሁለቱ ውስጥ ፑል ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። መልእክቱን ማንሳት ካለብህ፣ ማለትም ስድብ ወይም ብሔር ነክ ነገር ካለበት፣ አንሳውና ለምን እንዳነሳኸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ።

ማታ አትመልስ። ተጫዋቹን የመከርኩት ላንተም ይሠራል። «አይተነዋል፣ ሰኞ መልስ እንሰጣለን» በቂ ነው። ሰኞ ደግሞ ስጥ።

ስለ ገንዘብ ከተጠየቅክ ሒሳቡን ግድግዳ ላይ ለጥፍ። አንድ ወረቀት ነው፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። እኔ ኮሚቴ ሆኜ «ገንዘቡ የት ገባ?» ተብሎ ሲጻፍብኝ ደሜ ፈላ። ለማስወጣት ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። በኋላ ወረቀቱን ሠርቼ ጠረጴዛ ሁለት አጠገብ፣ ስቲክ መደርደሪያው በላይ ለጠፍኩት። ስንሠራው አንድ የ150 ብር ስህተት አገኘንበት፣ የኔው ስህተት። እሱንም ጻፍነው። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ የጻፈ ሰው አላየሁም።

በራስህ ጉዳይ አትፍረድ። የተተቸኸው አንተ ከሆንክ ቅጣቱን የምትወስነው አንተ ልትሆን አትችልም። ውድድሩ ሳይጀመር ሦስት ሰው ምረጡ፣ ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ቡድኖች ውጭ የሆኑ። ይግባኝ ወደነሱ ይሂድ። ሰው ከመቀጣቱ በፊት ይጠራ፣ ይናገር። እኔ ሳልጠራ ነው የታገድኩት። አጥፍቼ ሳለ ተበዳይ ያደረገኝ እሱ ነው።

ደንብህ ውስጥ «የሊጉን ስም ያጎደፈ ይቀጣል» የሚል አንቀጽ ካለ አውጣው። ይህ አንቀጽ እንደ ላስቲክ ነው፣ ወደፈለግህበት ይለጠጣል። ትልልቆቹም ተቸግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የፑል ዘመድ የሆነው የስኑከር ጨዋታ ኮከብ ሮኒ ኦሰሊቫን በአንድ ውድድር ላይ ስለ ዳኛና ስለ ፎቶ አንሺ በተናገረው ምክንያት ከስፖርቱ አስተዳደር ደብዳቤ ደረሰው። ከዚያ በኋላ ለጋዜጠኞች እንደ ሮቦት በአንድ በአንድ ቃል ይመልስ ጀመር። ትችቱ ሲረሳ የሮቦቱ ነገር ግን ዓለምን ዞረ። በምትኩ የሚያስቀጣውን ድርጊት ስም ጥቀስ፦ ስድብ፣ ዛቻ፣ ብሔርና ሃይማኖት መንካት፣ ያለ ማስረጃ በማጭበርበር መክሰስ። ቀጥለህ «በውሳኔና በአሠራር ላይ አስተያየት መስጠት አያስቀጣም» ብለህ በግልጽ ጻፍ። ቅጣቱም ደረጃ ይኑረው፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ አንድ ግጥሚያ። የውድድር ዘመን እገዳ ለቡጢ ይቀመጥ።

እግረ መንገዴን፦ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚደረግም ደንቡ ውስጥ አስገባ። ኳሶቹ ባሉበት ይቆዩ፣ ፎቶ ይነሱ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ግማሹ የድሬ ፑል ጠብ የሚነሳው በጨለማ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሰባት፦ ሽማግሌ

ከተጣላችሁና ከከረረ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው ፈልጉ። የፑል ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ይታሰባል፣ ሁለታችሁም ደንበኞቹ ስለሆናችሁ ሰላሙን ይፈልጋል። ችግሩ እሱ ጠረጴዛ የሚያከራየው ለአዘጋጁ መሆኑ ነው። ስለዚህ እሱን አንድ አድርጋችሁ ሁለት ሰው ጨምሩ። እኔን ያስታረቁኝ ለገሃሬ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ፑል በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም። «ስድስቷና አሥራ ሦስቷ ተዋደው አንድ ላይ ሄዱ፣ እናንተ ምን አጣላችሁ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ ለሰለሰ።

ሽምግልናው በቃል ይጀመር እንጂ በወረቀት ይለቅ። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ማን ምን ያስተካክላል፣ የት ያስተካክላል፣ መቼ። «የት» የሚለው አይረሳ። በአደባባይ የተባለ ነገር በአደባባይ ይታረማል። በጆሮ ይቅርታ ጠይቀህ ግሩፑ ላይ ስድቡ ካለ ምንም አልተደረገም። በፍትሐ ብሔር ሕጉም የመጉዳት ሐሳብና ከባድ ቸልተኝነት በሌለበት፣ ተበዳዩ እንደጠየቀ ወዲያው ቃሉን ያነሳና ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነገሩ ይቀልለታል።

እኔ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «ዳኛው ተገዝቷል ያልኩት ውሸት ነው፣ ማስረጃ አልነበረኝም። ደንቡንም አላውቀውም ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመዝገቢያው ሒሳብ ይለጠፍ የሚለው ጥያቄዬ ግን አሁንም አለ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያስጨመሩኝ። ኮሚቴዎቹ ደግሞ እገዳውን አንስተው፣ ሳልሰማ መቀጣቴ ስህተት እንደነበር ጻፉ። የግጥሚያው ውጤት አልተቀየረም።

ስምንት፦ እንቢ ካሉህ

አጭር ነው። የከፈልከው ገንዘብ ካለና ካልተጫወትክበት መልስልኝ ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ሊጉ በከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል የሚካሄድ ከሆነ እዚያ አመልክት፣ የሰፈር ሊግ ከሆነ ግን ጊዜህን አትፍጅ። ፍርድ ቤት ለአንድ ፋውል አይኬድም፤ ስምህ በእውነት ከጠፋ ሌላ ነገር ነው፣ ጠበቃ አማክር። ወይም ስምንት ልጆች ሰብስበህ የራስህን ሊግ ጀምር። ጀምረህ ስታይ በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ስላንተ ይጽፋል። ያኔ ስድስተኛውን ክፍል ተመልሰህ አንብብ።

እኔ የተመለስኩት ማክሰኞ ማታ ነበር። ያው ዳኛ ተመድቧል። ኳሶቹን ደርድሮ ማዕቀፉን አነሳና ነጯን በእጄ ሰጠኝ። አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ብሬክ አድርጌ፣ ማለትም የመክፈቻውን ምት መትቼ፣ ሁለት ኳስ ከተትኩ። ሦስተኛው ምት ላይ ዘጠኝ ቁጥርንና የተጋጣሚዬን አራት ቁጥር አንድ ላይ መታኋቸው፣ «ጠቅ»፣ አንድ ድምፅ። ቤቱ ዝም አለ። ቀና ብዬ አየሁት።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ደግሞ ሄደህ እንዳትጽፍብኝ፣ አቦ።»